የሂራ አረንጓዴ ሸሚዝ

ቡታን ፊቱ ሳይቧጨር ያየሁበት ሳምንት አለ የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። የልብስ ስፌት ሱቄ ከቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ስሰፋ ሠላሳ ዓመት ሲደባደብ አይቼዋለሁ። በእኛ በጉጅራንዋላ ጠብ ብርቅ አይደለም። የትግል ስፖርተኞች ከተማ ነው፤ ሽማግሌው ሳይቀር ጡንቻውን ያሳይሃል። ቡታ ግን በመሬት አይጣላም፣ በሚስት አይጣላም። የሚጣላው በክሪኬት ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ቻቻ ይለዋል፣ አጎቴ ማለታችን ነው፤ ግን ስለ ብሔራዊ ቡድኑ ወሬ ከተነሳ አጎትነቱን ረስቶ እንደ ጎረምሳ እጅጌውን ይሰበስባል።

ምክንያቱን እኔ አውቃለሁ። በወጣትነቱ ኳስ ወርዋሪ ነበር። የክሪኬት ኳስ ቆዳ የለበሰች ድንጋይ ናት ብትሉ አልተሳሳታችሁም፤ ከቡታ እጅ ስትወጣ ደግሞ ዓይን አያያትም ነበር። የሁለት ሰው መንጋጋ ሰብሯል። የወረዳው ፍጻሜ ላይ ስድስት ውርወራ ሲቀር፣ እሱ ኳሷን በሱሪው እያሸ ሊጨርሳቸው ሲዘጋጅ፣ አምበሉ መጣና ከእጁ ቀማው። ለገዛ እህቱ ልጅ ሰጣት። የእህቱ ልጅ ወረወረ፤ ተጋጣሚዎቹ ስድስቱንም እየቀጠቀጡ አሸነፉ። ቡታ መሬት ላይ ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች አንዱን ነቀለና የአምበሉን አናት ፈነከተው። በዚያው ዕድሜ ልኩን ታገደ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጡብ የሚያመላልስ ጋሪ ነጂ ሆነ፤ ስለ ማንኛውም አምበል አንድ በጎ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

እንግዲህ ይሄ ሰው ነው አህያውን አንድም ቀን መትቶ የማያውቀው። ወላሂ ሰው አያምነኝም። ሂራ ይለዋል፣ አልማዝ ማለት ነው። አመድማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት አህያ ነው፤ በዒድ ቀን ቡታ ግንባሩን ሂና ይቀባዋል፣ አንገቱ ላይ ከሰው ዓይን ይጠብቀው ብሎ ሰማያዊ ጨሌ አስሮለታል። ሌሎቹ ጋሪ ነጂዎች አህዮቻቸውን ጀርባቸው እስኪላጥ ይደበድባሉ። ቡታ ዱላ ይይዛል፣ ግን የሚመታው የጋሪውን እንጨት ነው። አንዴ ቷ ካደረገ ሂራ ይራመዳል። ሦስቴ ፈጠን አድርጎ ቷ፣ ቷ፣ ቷ ካደረገ ሂራ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ይሮጣል። የባቡር ሐዲዱ ጋ ዳገት አለች፤ ባቡር ሳይመጣ አምስት መቶ ጡብ ይዞ ማዶ መድረስ አለበት። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ሲሻገሩ ኖሩ። አንድ ቀን፣ አንተ ሰዉን ሁሉ እየደበደብክ ይህን ለምን አትመታውም ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።

«የመታሁትን ሁሉ ጠልቼው ነው የመታሁት» አለኝ። «ይሄን ለምን እመታዋለሁ፣ ኡስታድ?»

ባለሙያ ስለሆንኩ ኡስታድ ነው የሚሉኝ። ሸሚዙን የሰፋሁ ቀን ግን ሙያዬ ሰይጣን ነበር፤ እሱን ወደ ፊት እነግራችኋለሁ።

ሐሙስ ዕለት ቡድናችን ተሸነፈ። መሸነፍ እንኳ ለምደነዋል፤ ያን ቀን ግን የተሸነፍነው ከነጋዴና ከአስተማሪ ተለቃቅሞ ለተሠራ ቡድን ነው፣ አገሩን ካርታ ላይ ፈልጌ አጣሁት። እኛ በሺዳ እርጎ ቤት ተጠቅጥቀን ነበር የምናየው። ስድስት ውርወራ ሲቀር አምበላችን ዛሪያብ ኳሷን ያዘ፣ ግራ ቀኝ አየና ለሚስቱ ወንድም ሰጣት። ቡታን ዞር ብዬ አየሁት። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። የሚስቱ ወንድም ወረወረ፣ ነጋዴዎቹ ቀጠቀጡት፣ አለቀ። ከኋላ አንዱ ጫማውን አውልቆ ቴሌቪዥኑ ላይ ወረወረ፤ ሌላው ወንበር አነሳ። ሺዳ ቴሌቪዥኑን አቅፎ ዞረና ወንበሩን በጀርባው ተቀበለ። ጀርባው ይድናል፤ የቴሌቪዥኑ ዕዳ ግን ገና ተከፍሎ አላለቀም ነበር።

ሺዳ ክፉ ሰው አይደለም። ጥፋቱ እውነት የመሰለውን በሰዓቱ መናገሩ ነው። ሁሉም አምበሉ ይባረር፣ ቤቱ ይቃጠል፣ አየር ማረፊያ ላይ እንቁላል ይጠብቀው ሲል፣ እሱ ጀርባውን እያሸ አሥራ አንድ ሰው ተጫውቶ እንዴት አንድ ሰው ይሰቀላል አለ። ሦስት ኳስ ያመለጠው ከማን እጅ ነው አለ። ቡታ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«አምበል ነዋ» አለ። «ሲያሸንፉ አበባ የሚጠለቅለት ማን ነው? እሱ አይደለም? ሲሸነፉ እንግዲህ ጫማ ይጠለቅለት።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሺዳ ግን ዝም ማለት መቼ ያውቃል። ዋናው ወርዋሪ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ መቆም አቅቶት እንደነበር ሁላችንም አይተናል፤ እሱንም አስታወሰን። እውነቱን ነው። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይኼን ሁሉ አላወራችሁም ነበር።

«ለማን ይስጥ ታዲያ፣ ቻቻ?» አለ። «ላንተ?»

ቡታ እርጎ የሞላበትን የሸክላ ሳህን አንስቶ አፍንጫው ላይ ሰበረበት። ደሙና እርጎው አንድ ላይ በጢሙ ወረደ። ሺዳም እጁ አላረፈም፤ የወተት ማማሰያውን ይዞ የቡታን ቅንድብ ገመሰው። አምስት ሆነን ነው የለያየናቸው፤ እኔ በመሃል ሁለት ክርን ተቀብያለሁ። ቡታ እየተጎተተ ሲወጣ ዕድሜ ልኬን ከዚህ ቤት እርጎ አልቀምስም ብሎ ማለ።

ከዚህ በኋላ ነው ጎጋ የገባበት። ጎጋ የስልክ ሚሞሪ ካርድ፣ ሽፋን፣ ምናምን የሚሸጥ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ የደጋፊዎች መሪ ነኝ ይላል፣ ማን እንደመረጠው አላህ ይወቅ። ለማግስቱ ለዓርብ፣ ከሶላት በኋላ ሰልፍ ጠራ። አሻንጉሊት ማቃጠል ሰልችቶናል፣ እያንዳንዱ ሰፈር አሻንጉሊት ያቃጥላል፣ እኛ ሕያው አምበል እናወጣለን አለ። አህያ የአምበሉን ሸሚዝ ለብሶ፣ ቻቻ እንዳለው የጫማ ጉንጉን አጥልቆ በገበያው ይዞራል። አህያ ከየት ይምጣ ሲባል ቡታ ቅንድቡን በጨርቅ እንደያዘ እጁን አነሳ።

«የኔ ሂራ አለ» አለ።

እኔ ደነገጥኩ። ዝንብ እንዳታርፍበት የሚሳሳለትን አህያ! ለብቻው ጠራሁትና ሰዉ ብዙ ነው፣ አይሆንም አልኩት። እኔ አጠገቡ አለሁ፣ ማን ይነካዋል አለኝ። ዓይኑን ስታዩት ዛሪያብን አልነበረም የሚያየው፤ ያንን የድሮውን አምበል ነው፣ ኳሷን ከእጁ የቀማውን። ሰላሳ አምስት ዓመት በሆዱ ይዞት ኖሯል። ምነው ያኔ ጮኼ በነበር። ይልቅ ሜትሬን አወጣሁ።

አፈር ልብላ፣ ሥራውን ወድጄው ነበር። ሂራን እንደ ደንበኛ ለካሁት፤ ደረቱን፣ አንገቱን፣ የፊት እግሮቹን። ከብዙ ደንበኞቼ ይልቅ ቀጥ ብሎ ቆመልኝ። አረንጓዴ ጨርቅ ቆረጥኩ፣ ጀርባው ላይ በነጭ ዛሪያብ ብዬ ቁጥሩን ጨመርኩ። ቡታ በግፊያው ይቀደዳል ብሎ ሰጋ። እኔ ደግሞ ሙያዬ ተነካ። ልብሱን ካለበስኩት በኋላ ሆዱ ሥር፣ ደረቱ ላይና አንገቱ ዙሪያ በጆንያ መርፌ፣ በሰም በተቀባ ድርብ ክር እዚያው እንደለበሰው ጫፍ ለጫፍ ሰፋሁት። ቆዳው ይወልቃል እንጂ ይሄ ሸሚዝ አይወልቅም ብዬ ፎከርኩ። ሁሉም ሳቁ። ቡታም ሳቀ፤ የሂራን ጆሮ እያሻሸ።

ሰልፉ ሲወጣ ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። ግማሹ ባት ይዟል፣ የክሪኬት መምቻው እንጨት፤ ግማሹ አሮጌ ጫማ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። አንዱ በነጠላ ጫማ የሂራን መቀመጫ ቸብ ያደርግና ለምን ለሚስትህ ወንድም ሰጠህ ይለዋል፤ ሰዉ ይስቃል። ቡታ ከጎኑ ሆኖ በክርኑ እየገፋ ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ ይላል። ገበያው ጋ ስንደርስ ግን ነጠላ ጫማው ቡት ሆነ። ቸብታው ምት ሆነ። ሂራ ጆሮውን እያወናጨፈ ቡታን ይፈልጋል። እኔ ያን ጊዜ በቃ፣ እንመለስ አልኩ፤ ማን ይስማኝ። ጎጋ የቡታን ትከሻ ይዞ ወደ ፊት ጎተተው፣ ባት አስጨበጠው፣ ሁለት ሰዎችም አንስተው ትከሻቸው ላይ አወጡት። ቻቻ፣ መፈክሩን አንተ አስጀምርልን አለው ጎጋ።

እንዲህ ያለ ነገር ለቡታ ተደርጎለት አያውቅም። ሦስት መቶ ሰው ወደ ላይ አንጋጦ ያየዋል። ከትከሻ ላይ ሆኖ ከአጠገቡ ከተዘረጋው ባት ጋር የራሱን ባት እያጋጨ ጮኸ።

«ውጣ! ውጣ! ውጣ!»

ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ሰዉም ባቱን እያጋጨ ተቀበለው። መቶ ሃምሳ ባት። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ምን እንዳደረገ ለቡታ የገባው፣ እኔ ወደ ሂራ ስዞር እሱም ዞሮ ሲያየው ነው። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ሂራ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት እንደተማረው ሮጠ። ጋሪ የለበት፣ ጡብ የለበት፣ ሰዉን እየገለበጠ ተፈተለከ። መጀመሪያ አምበሉ ፈረጠጠ ብለው ሳቁ። ከዚያ የሺዳ እርጎ ቤት በራፍ ላይ በትልቁ ብረት ድስት የሚፈላውን ወተት በደረቱ መታው። ወተቱ ተገለበጠ። የጎጋ ታናሽ ወንድም ከሥሩ ነበር፤ ከጉልበቱ በታች ተቀቀለ። ጩኸቱ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሂራም ደረቱ ተቃጥሎ ተንሸራተተ፣ በጉልበቱ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ዞሮ ደግሞ ወደ ሰዉ ሮጠ። ሌላ ምን ያድርግ፤ ባቶቹ ገና ከኋላ እየተንጫጩ ነበር።

ግደሉት አለ አንዱ። አምበሉን ይሁን አህያውን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እዚያው ጎን ግንብ የሚሠራበት ቦታ የጡብ ክምር ነበር፤ በዚያው ሳምንት ሂራ ራሱ ያመላለሰው ጡብ ነው። ሰዉ ተሻማበት። የመጀመሪያው ጡብ አንገቱን፣ ሁለተኛው ዓይኑን መታው። ከዚያ ወዲያ መቁጠር አልተቻለም። ዛሪያብ፣ ዛሪያብ እያሉ ነው የሚወረውሩት፤ እያንዳንዱን ጡብ በአምበሉ ስም።

ቡታ ከሰው ትከሻ ላይ ዘሎ ወረደ። ብዙ ጊዜ ሲጣላ አይቼዋለሁ፣ እንደዚያ ግን አላየሁትም። አልተሳደበም። በባቱ የመጀመሪያውን ሰው ክንድ ሰበረ፤ ሁለተኛውን አፉ ላይ አለው፤ ጎጋን ትከሻው ላይ ሲመታው አጥንቱ ሲሰበር እኔ ከማዶ ሰማሁት። ሂራ ጋ ደርሶ ላዩ ላይ ተኛ። እነሱም ውርወራቸውን አላቆሙም፤ ጡቡ የቡታ ጀርባ ላይ፣ ጭንቅላቱ ላይ ይወርዳል። እኔ ምን አደረግሁ? መቀሴን ይዤ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ። መሃል የገባው ሺዳ ነው። አፍንጫው በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ ያን ረጅም ማማሰያ ይዞ፣ ትናንት ለፈነከተው ሰው ከላይ ቆሞ ይከላከልለት ጀመር። ሁለት ሰው አደማ። ሰዉም በኋላ ደከመው። አህያው አልነሳ ሲል መዝናኛውም አለቀ መሰለኝ፤ ጎጋንና ወንድሙን ተሸክመው፣ የቀረው ወደ አደባባዩ ጎማ ሊያቃጥል ሄደ።

የሂራ የኋላ እግር ከጉልበቱ በታች ለሁለት ተሰብሮ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል። አንድ ዓይኑ የለም። ይተነፍሳል። ለእንስሳት ሐኪሙ ደወልኩ፤ መንገዱ በሚቃጠል ጎማ ተዘግቷል፣ ነገ ካልሆነ አልደርስም አለኝ። ማን ዘጋው? እኛው። ወደ ሜራጅ፣ ወደ ሥጋ ሻጩ ሮጥኩ፤ ቢላውን ይዞ መጥቶ እንዲገላግለው ለመንኩት። ራሱን ነቀነቀ። ይህ ቢላ በግ የሚታረድበት ነው፣ አህያ ከነካበት ነገ ከእኔ ማን ሥጋ ይገዛል አለ። ሰደብኩት። እሱ ግን አልተሳሳተም፤ እኔም ራሴ አልገዛም ነበር። ከጓዳ ትልቅ መዶሻ አውጥቶ አጥንት የምሰባብርበት አሮጌ ነው፣ አትመልስልኝ ብሎ ሰጠኝ።

ስመለስ ሺዳ ወተትና ደም በተቀላቀለበት ጭቃ ላይ ተቀምጦ የሂራን ራስ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። ቡታ ከጎኑ ተንበርክኳል፤ ጭንቅላቱ ሦስት ቦታ ተፈንክቶ ደሙ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል። መዶሻውን አየ፣ ገባው፣ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ተወው።

«መጀመሪያ ሸሚዙን አውልቁለት» አለ። «በሰው ስም አይሞትም።»

መቀሴን አወጣሁ። ያ የፎከርኩበት ስፌት! ድርብ ክር፣ ሰም የተቀባ፣ ደም ጠጥቶ እንደ ሽቦ ጠጥሯል። ከሆዱ ሥር ጀመርኩ። አንዱን ቆርጬ ሌላው ይመጣል። ደረቱ ላይ ወተቱ የቀቀለው ቆዳ ከጨርቁ ጋር ተጣብቋል፤ ስስበው ሂራ ገላው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ሺዳ ቀስ ቀስ ይለኛል። ቡታ ግን ዕድሜዬን በሙሉ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ ልመና በሆነ ድምፅ፣ ፍጠን ኡስታድ፣ እባክህ ፍጠን ይለኛል። ከእርጎ ቤቱ ውስጥ ያ ከወንበር የተረፈ ቴሌቪዥን ያወራል። የክሪኬት ባለሥልጣናት ተሰብስበው አምበሉ ለሚቀጥለው ዓመትም ይቆያል ብለው ወሰኑ፣ ዛሪያብም ምስጋና አቀረበ። ሺዳ ቀና ብሎ ቡታን አየው። ቡታ አልሰማም። የመጨረሻውን የአንገቱን ስፌት ስቆርጥ የሂራ ጨሌ ወጣ፣ ግንባሩ ላይ የዒዱ ሂና ገና ቀይ ነበር።

ሸሚዙን ወደ ጎን ጣልኩት። ቡታ ተነሳ። መዶሻውን ሲያነሳ ከደሙ የተነሳ ከእጁ አሟለጨው፤ የመዶሻው እጀታ በራፉ ላይ ያለውን የሺዳን አግዳሚ ወንበር መታ።

ቷ አለ። አንዴ።

ሂራ ባልጠፋው ዓይኑ ቡታን ፈለገው። ከዚያ የፊት እግሮቹን አጠፈና ሊነሳ ሞከረ። በሦስት እግሩ፣ ሊራመድ። ሺዳ አንገቱን አቅፎ ያዘውና ማልቀስ ጀመረ። ቡታ አላለቀሰም። ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ነገረው፣ ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ከዚያ ቀና አለና በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መታው።